ሳትለካ አትግዛ፦ የአሮጌ ስፖርት መኪና ኤሲ ጥያቄዎቻችሁ

ሐምሌ ሲገባ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ኤሲ ነው። አገር ቤት ሐምሌ ጃኬት የሚያስለብስ ወር ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ግን ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና መሪው አይጨበጥም። የዚህ ወር ጠያቂዎች ደግሞ አብዛኞቹ ባለ አሮጌ ስፖርት መኪና ናቸው። በልጅነት ፖስተሯን ግድግዳ ላይ የለጠፍናትን መኪና ዛሬ አቅም ሲገኝ መግዛት ያስደስታል፤ እኔም ሰው ሲገዛ ዝም ብዬ አላልፍም፣ ኮፈኑን አስከፍቼ አያለሁ። ብቻ ሠላሳ ዓመት ያለፋት መኪና ስትገዛ ሠላሳ ዓመት የደረቀ ሽቦም አብረህ ገዝተሃል። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ1991 ኒሳን 300 ዜድኤክስ አለችኝ፣ ቱርቦ የሌላት። ክላይሜት ኮንትሮሏ (ሙቀቱንና ንፋሱን የሚቆጣጠረው) አውቶማቲክ ነው። መጀመሪያ ፋኑ መቀነስ እምቢ አለ፤ ዝቅ ባደርገውም በሙሉ ኃይሉ ይነፋል። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ፋን ኮንትሮል አምፕ የሚባለውን ቀየሩልኝ። ለተወሰነ ጊዜ ሠራና ደገመው። እንደገና ቀየሩት። ቀጥሎ «ኮምፒውተሩ ነው» ስለተባልኩ ያገለገለ የኤሲ መቆጣጠሪያ ከኢንተርኔት ገዛሁ። አሁን ጭራሽ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ ጉድጓድ ስመታ ደግሞ ይነሳል። በዚያ ላይ የኤሲው መብራት እየበራ ቅዝቃዜ የለም። ባለቤቴ «ሽጣት» ትለኛለች። ምን ይሻለኛል? — ባለ ቀይዋ ዜድ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትሽጣት። ለመሸጥ የሚያበቃ ነገር አላነበብኩም። ያንተ ችግር አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ሦስቱን አንድ ላይ ስለቆጠሯቸው ነው ገንዘብህ ያለቀው።

አንድ ዕቃ ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ በዚያው መንገድ ከሞተ ገዳይ አለው ማለት ነው። ገዳዩን ሳይፈልጉ ሦስተኛ ዕቃ መግዛት የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ፋን ኮንትሮል አምፕ የሚሉት ነገር አሉሚኒየም ክንፍ ላይ የተጣበቀ ትልቅ ትራንዚስተር ነው። የተሳፋሪው እግር በሚያርፍበት በኩል፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ባለው የአየር ሳጥን ላይ ተሰክቷል። የፋኑ ሞተር ፖዘቲቩን በሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን በሚያበራ ማብሪያ) በኩል በቀጥታ ያገኛል። ትራንዚስተሩ የሚቆጣጠረው የማሳውን፣ ማለት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መንገድ ነው። መቆጣጠሪያው ትንሽ ምልክት ሲልክለት ትንሽ ያሳልፋል፣ ብዙ ሲልክለት ብዙ። ትራንዚስተር ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ይቀራል። ያኔ ማሳው እንዳለ ያልፋል፣ ፋኑም ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል። የመጀመሪያው ምልክትህ ይኸው ነው።

ምን አቃጠለው? ትራንዚስተር የሚግለው በሙሉ ፍጥነት ጊዜ ይመስልሃል አይደል? በመካከለኛው ነው። ፋኑ 8 አምፔር እየሳበ ትራንዚስተሩ ላይ 6 ቮልት ከቀረ፣ 48 ዋት ሙቀት አለ፣ ያውም ጣት በምታህል ዕቃ ላይ። አየር መንገዱ ላይ የተቀመጠውም ለዚህ ነው፤ የሚያበርደው የራሱ የፋኑ ንፋስ ነው። እንግዲህ ንፋሱ ሲዳከም ወይም ሞተሩ አርጅቶ በ8 ፈንታ 13 አምፔር መሳብ ሲጀምር አዲሱም አምፕ ይቃጠላል። የኔ ጥርጣሬ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራ። ኪሱን ፍታው፣ ካቻቢቴ ይበቃሃል። ቁልፉን አጥፋ፣ የአምፑን ሶኬት ንቀል፣ መልሰህ ቁልፉን አብራና ፋኑን ክፈት። ፋኑ ዝም ካለ ሽቦው ደህና ነው፤ ጥፋቱ አምፑ ላይ ወይም ወደ አምፑ በሚመጣው ምልክት ላይ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም የሚነፋ ከሆነ ግን ከሞተሩ ወደ አምፑ የሚወርደው ሽቦ አንድ ቦታ ተልጦ ቦዲ ነክቷል። ያኔ መቶ አምፕ ብትደረድር ለውጥ የለውም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ሶኬት መንቀል ነው። ሁለት አምፕ የሸጡልህ ሰዎች ይህን አድርገው እንደሆነ ጠይቃቸው።

ቀጥሎ ምልክቱ። ሶኬቱን መልሰህ ሰካ። ከጀርባው ሦስት ሽቦ ታያለህ፣ ሁለቱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ቀጭኑ ከመቆጣጠሪያው የሚመጣው ነው። ቴስተሩን (የኮረንቲ መለኪያውን) ቮልት ላይ አድርግ፣ ጥቁሩን እግር ቦዲ ላይ፣ ቀዩን በቀጭን መርፌ አድርገህ ቀጭኑ ሽቦ ላይ። የፋኑን ፍጥነት ደረጃ በደረጃ ጨምር። ቁጥሩ አብሮ ከተንቀሳቀሰ መቆጣጠሪያው ጤነኛ ነው። ምናልባትም የድሮው መቆጣጠሪያህ ምንም አልነበረበትም። ካልጣልከው አስቀምጠው፤ የዜድ ዕቃ ከቀን ወደ ቀን እየጠፋ ነው።

በዚች መኪና ላይ የምወደው ሌላ ነገር አለ። ራሷን ትመረምራለች። ሞተሩን አስነሳና በ10 ሰከንድ ውስጥ የኤሲውን ማጥፊያ ቁልፍ ተጭነህ ከ5 ሰከንድ በላይ ያዘው። ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት በሙሉ ይበራል። በሙቀት መጨመሪያው ቁልፍ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ስታልፍ ሴንሰሮቹን ትቆጥራለች። 20 ከጻፈች ሁሉም ደህና ነው። 21 የውጭውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። 25 የፀሐይ ሴንሰሩ ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። መኪናዋን ጋራዥ ውስጥ አቁመህ ከመረመርካት 25 ልትጽፍ ትችላለች፣ ምክንያቱም ፀሐይ አላየችም! ዕቃ አትግዛ። ደጅ አውጣት፣ ወይም 60 ዋት አምፖል ሴንሰሩ ላይ አብራበት። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ማለቴ ነው። በአራተኛው ደረጃ ላይ ደግሞ የአየር በሮቹን እየከፈተች እየዘጋች የፋኑንም ፍጥነት ትቀያይራለች፤ ቁጥሩ ከ41 ጀምሮ ይወጣል። ሬዲዮኑን ዝጋና አዳምጥ። በሮቹ ሲንቀሳቀሱ ይሰማል፣ ፋኑም ካልተቀየረ ወዲያው ታውቃለህ።

ከዚያ ሞተሩ። የፋኑን ሞተር አውጣና በጣትህ አሽከርክረው። ጥሩ ሞተር ከለቀቅከው በኋላም ይዞራል፣ ቀስ ብሎ ይቆማል። ወዲያው ቀጥ ካለ ወይም ከተንጫጫ ቡሺንጉ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ደርቋል። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ የሚለካ) ካለህ ሽቦውን ሳትቆርጥ አምፔሩን ለካ። ስትገዛ ግን ዲሲ የሚለካ መሆኑን አረጋግጥ፤ ርካሾቹ የቤት ኮረንቲ ብቻ ነው የሚለኩት፣ መኪና ላይ ዜሮ እያሳዩ ያሞኙሃል። ሞተሩ ከወጣ ዘንድ የአየር ሳጥኑን ውስጥ በእጅ ባትሪ እየው። ውጭ የምታድር መኪና ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ፍርግርግ ቅጠል ትስባለች። ቨርጂኒያ ደግሞ ቅጠል አያልቅባትም። ቅጠሉ አምፑ ክንፍ ላይ ከተኛ ገዳዩን አገኘኸው።

ሁለተኛው ችግርህ ጉድጓድ ስትመታ የሚነሳው ፋን ነው። ይህ ኮምፒውተር አይደለም። ኮምፒውተር ጉድጓድ ፈርቶ አይነሳም። ይህ ሶኬት ነው። የሞተሩንና የአምፑን ሶኬቶች ንቀልና ፒኖቹን አንድ በአንድ ተመልከት። ደህናው ፒን ያበራል። የታመመው ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ትንሽ አብጧል፣ ስትነቅለው እንኳ ተጣብቆ እምቢ ይላል። አሽትተው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከዓመት በኋላም አይለቅም። እንዴት ተቃጠለ ብትል ሒሳቡ ቀላል ነው። ፒኑ ላልቶ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢያስቸግር፣ ፋኑ 15 አምፔር ሲስብ እዚያ ፒን ላይ 1 ቮልት ተኩል ይቀራል፣ 22 ዋት ተኩል ሙቀት ይወጣል። የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ 25 ዋት ነው። ዳሽቦርድህ ሥር መበየጃ ሰክተህ እየነዳህ ነበር ማለት ነው።

አሁን ቴስተር ስላላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ልናገር። «ጋሼ፣ ሽቦውን ለካሁት፣ ጢጥ አለ፣ ደህና ነው» የሚለኝ ሰው ቁጥር የለውም። ጢጥታ ምንም አይነግርህም! ቴስተሩ ጢጥ ለማለት የሚልከው ኮረንቲ እዚህ ግባ የማይባል ነው። አሥራ ዘጠኝ ክሩ ተቆርጦ አንድ ክር የቀረው ሽቦም ጢጥ ይላል። ፋኑን ግን አይሸከምም። ሽቦ የሚለካው ሥራ ላይ እያለ ነው። ፋኑን በሙሉ ፍጥነት ክፈት። ቴስተሩ ቮልት ላይ ይሁን። ጥቁሩን እግር በቀጥታ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን ከጀርባ በኩል የአምፑ ማሳ ሽቦ ላይ። ዜሮ ነጥብ አንድ አካባቢ ካነበብክ ማሳህ ሸጋ ነው። ግማሽ ቮልት ካሳየህ ማሳው ቦዲ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈልገህ ፍታው፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትገው፣ መልሰህ እሰረው። በፖዘቲቩም በኩል እንዲሁ፦ አንዱ እግር ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው ሞተሩ ጋ በሚገባው ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ። የጠፋው ቮልት የት እንደጠፋ በአንድ ሻይ ጊዜ ውስጥ ይገኛል።

የተቃጠለ ፒን አይታደስም። ቆርጠህ ጣለውና ልኩን የጠበቀ አዲስ ፒን በመጭመቂያው ፒንሳ አስገባ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ቤትህን ለመመለስ ያህል ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ያው ሙቀት ቦታ ቀይሮ ይጠብቅሃል። ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሶኬቱና ማሳው፣ ከዚያ ሞተሩ፣ አዲስ አምፕ በመጨረሻ።

ሦስተኛው፣ ቅዝቃዜው። መብራቱ በራ ማለት አንተ ጠይቀሃል ማለት ነው እንጂ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ፓምፕ) እሺ አለ ማለት አይደለም። የኮምፕሬሰሩ ክላች (ኮምፕሬሰሩን ከቀበቶው ጋር የሚያያይዘው ማግኔት) ላይ ያለውን ሶኬት ለካ። 12 ቮልት እየደረሰው የማይያዝ ከሆነ ኮይሉን (የማግኔቱን ጥቅል ሽቦ) በኦም ለካ፤ ከ3 እስከ 5 ኦም አካባቢ የተለመደ ነው። ቮልት ጭራሽ ካልደረሰው በመጀመሪያ ጋዙን ጠርጥር፣ ምክንያቱም ግፊት ከወረደ የግፊት ስዊቹ ኮምፕሬሰሩን ያግደዋል። የ1991 ዜድ ከፋብሪካ የወጣችው በአር 12፣ በድሮው የኤሲ ጋዝ ነው። እዚህ አገር አር 12 ማምረት በ1995 መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ያንተዋ ምናልባት ወደ ተተኪው ጋዝ፣ ወደ አር 134ኤ ተቀይራለች። መሙያ አፉ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ አንብበው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀኑ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ በሁለቱም ጋዝ ጌጁ (ግፊት መለኪያው) ወደ 80 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። 20 ካሳየህ ጋዙ የለም፤ ኤሌክትሪክ መፈለግህን አቁም። 80 አሳየ ማለት ግን ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ጥቂት ፈሳሽ እንኳ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው። መሙላቱን ፈቃድ ላለው ሰው ስጥ፣ አየር ላይ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ያለበትን ቆርቆሮ ደግሞ አትንካ። የጋዝ ቤቶቹን ማሽን ስለሚያበላሽ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ መኪናህን አይቀበሉም።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ። ፋኑ ሲቀንስ እሷን አሳፍረህ ዙር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ1992 ማዝዳ ኤምኤክስ 5 አለችኝ። ፋኗ 1፣ 2 እና 3 ላይ አይሠራም፤ 4 ላይ ብቻ ነው የሚነሳው። ጋራዡ «ሙሉ የፋን ሞተር ይቀየር» አለኝ። ዋጋው አስደነገጠኝ። — ትንሿ ሰማያዊ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ እህቴ፣ 4 ላይ የሚሠራ ሞተር ለምን ይቀየራል? ሞተሩ በጣም የሚደክመው እዚያው 4 ላይ ነው፤ እሱን ከቻለ ሌላውን አያቅተውም።

ያንቺዋ ከላይ እንዳለችው ዜድ ትራንዚስተር የላትም። ሬዚስተር ነው ያላት፣ ማለት ኮረንቲውን የሚቀንሱ የተጠማዘዙ ሽቦዎች። 1፣ 2 እና 3 በእነዚህ ሽቦዎች በኩል ያልፋሉ። 4 ግን አልፏቸው በቀጥታ ይሄዳል። ሬዚስተሩ ሲበጠስ 4 ብቻ የሚቀረው ለዚህ ነው። ትንሽ ዕቃ ነው፤ አየር ሳጥኑ ላይ ተሰክቶ በጥቂት ብሎን የታሰረ፣ ዋጋውም ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም። ስታወጪው የተበጠሰውን ሽቦ በዓይንሽ ታያለሽ። ሶኬቱንና የፋኑን ማዞሪያ ጀርባም እግረ መንገድሽን እይ፤ ጠቁሮ ከሆነ እሱም ይታከም። ሞተሩን በጣት ማሽከርከር ላንቺም ይሠራል፤ ከከበደ ያኔ ስለ መቀየር እናወራለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የኔ መርሴዲስ 560 ኤስኢሲ ናት፣ የ1989። ስፖርት መኪና ናት አይደለችም ብለው እንዳይከራከሩኝ። ኤሲው ስነሳ በረዶ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከነዳሁ በኋላ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል። አጥፍቼ ሳስነሳት ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና። ጋዙ ተለክቶ ልክ ነው ተብሏል። — ከዱባይ

መልስ፦ አልከራከርህም። ባለ ስምንት ሲሊንደር ባለ ሁለት በር መርሴዲስ ለያዘ ሰው ስፖርት አይደለችም ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

«አጥፍቼ ሳስነሳት ይመለሳል» ያልከው ትልቅ ፍንጭ ነው። የዚያ ዘመን መርሴዲሶች ክሊማ ሪሌ የሚባል ሳጥን አላቸው። ይህ ሳጥን የሞተሩን ዙርና የኮምፕሬሰሩን ዙር ያመዛዝናል። ኮምፕሬሰሩ ወደ ኋላ ከቀረ «ሊነክስ (ተይዞ ሊቆም) ነው፣ ቀበቶውን ይበጥሳል» ብሎ ይቆርጠዋል። አንዴ ከቆረጠ ቁልፉ ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ቂም ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ኮምፕሬሰሩ እውነት እያንሸራተተ ነው፣ ወይም ዙሩን የሚነግረው ሴንሰር እየዋሸ ነው፣ ወይም ሪሌው ራሱ አርጅቷል።

ሲቆም ጠብቀህ፣ መኪናዋን ሳታጠፋ፣ ክላቹ ሶኬት ላይ ቮልት ለካ። እጅህና ሸሚዝህ ከቀበቶው ይራቁ። 12 ቮልት እያለ ክላቹ ከለቀቀ ሪሌው ንጹሕ ነው። ያኔ ጥፋቱ ክላቹ ላይ ነው። ክላቹ ሲያረጅ በሳህኑና በፑሊው (ቀበቶው በሚያዞረው ክብ) መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ኮይሉ ቀዝቃዛ ሳለ ማግኔቱ ጠንካራ ስለሆነ ይስበዋል። ሲግል ግን የመዳብ ሽቦ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ከፍ ቢል ተቃውሞው በ30 ከመቶ ያህል ይጨምራል፣ ማግኔቱም ይደክማል። የዱባይ ኮፈን ሥር 80 ዲግሪ መጨመር ብርቅ አይደለም። ከግማሽ ሚሊሜትር እጅግ የራቀ ክፍተት ካገኘህ ባለሙያ ሽሙን (ክፍተቱን የሚወስነውን ቀጭን ቀለበት) ያስተካክልልህ። ያው ሳህን መንሸራተት ከጀመረም ሪሌው አይቶ ይቆርጣል፣ እሱ ሥራውን ነው የሠራው።

12 ቮልት ከሌለ ደግሞ ሪሌውን አውጣና ሳጥኑን ክፈት። አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል፣ ያንተ ዓይን ምንም ወጣት ቢሆን። የፒኖቹን ሥር ተመልከት፣ ሊዱ (የብየዳው ማጣበቂያ ብረት) ፒኑን በያዘበት ቦታ። ፒኑን የከበበች ቀጭን ጥቁር ቀለበት ካየህ ሊዱ ተሰንጥቋል። ሲበርድ ይገናኛል፣ ሲግል ይለያያል። የድሮውን ሊድ መጥጠህ በአዲስ ብየደው። ይህ ስንጥቅ የዚያ ዘመን መርሴዲስ ሪሌዎች ሁሉ የታወቀ በሽታ ነው፤ የነዳጅ ፓምፑን ሪሌም እግረ መንገድህን እየው፣ አንድ ቀን ሼክ ዛይድ መንገድ ላይ እንዳያቆምህ። ሪሌውን አልፎ በቀጥታ ሽቦ ማገናኘትን የሚመክርህ ሰው ካለ አትስማው። ኮምፕሬሰሩ ከነከሰ ቀበቶው አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የ1989 ኮርቬት ናት። ኮምፕሬሰሩ ጠቅ ብሎ ይያዛል፣ ወዲያው ይለቃል፣ እንደገና ጠቅ። ጓደኛዬ የግፊት ስዊቹን ሶኬት ነቅሎ በሽቦ አገናኘልኝ፣ ጠቅታው ቆመ፣ ትንሽም ቀዘቀዘ። የሙቀቱን ወራት እንዲሁ ልንዳት? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አይሆንም። ዛሬውኑ አንሳው።

ቶሎ ቶሎ ጠቅ ማለት ጋዝ አንሷል የሚል ጩኸት ነው። ስዊቹ አልተበላሸም፤ እየጠበቀህ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ለብቻው አይቀመጥም፣ ከጋዙ ጋር እየተዘዋወረ ነው የሚያለሰልሰው። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱ ሩቅ ቀርቶ አይመለስም፣ ብረት በብረት ይፈጫል። የተፈጨው ብናኝ ቱቦውን ሁሉ ይሞላል፤ ያኔ የሚቀየረው ኮምፕሬሰሩ ብቻ አይሆንም። ሽቦ ማገናኘት ለምርመራ ነው፣ ያውም ለጥቂት ሰከንድ፣ ክላቹ ይይዛል አይይዝም የሚለውን ለማየት። ጓደኛህ እስከዚያ ድረስ ልክ ነበር። አሁን የሚፈስበት ቦታ በቀለምና በሰማያዊ መብራት ይፈለግ። የቱቦ መጋጠሚያዎቹና የኮምፕሬሰሩ አንገት ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካየህ ከዚያ ጀምር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ1987 ፖርሽ 944 ገዛሁ። ኤሲው ጠፍቶ፣ ሙቀቱ ዝቅ ተደርጎ እንኳ እግሬ ላይ የሚነፋው ትኩስ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያውን አስፈትቼ አስበየድኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ መቆጣጠሪያ ልግዛ? — ከሲያትል

መልስ፦ አትግዛ። ምናልባት ኤሌክትሪክም አይደለም።

በዚያ መኪና ላይ ትኩስ ውኃ ወደ ማሞቂያው እንዳይገባ የሚዘጋ ቫልቭ አለ፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ፊት መስታወቱ በኩል። የሚዘጋው በቫኩም፣ ማለት ሞተሩ አየር በሚስብበት ኃይል ነው። ቫኩም ካልደረሰው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ አንተም በሐምሌ እግርህን ትቀቅላለህ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሙቀቱን መጨረሻ ዝቅ አድርገህ፣ ወደ ቫልቩ የምትሄደውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ንቀልና ጣትህን አፏ ላይ አድርግ። ጣትህን ካልሳበችው ቫኩሙ መንገድ ላይ ቀርቷል። ከሞተሩ ጀምረህ ቱቦዋን ተከተል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ጎማው ሲጎነበስ ይሰነጠቃል፣ በሜትር የሚሸጥ ቱቦ ገዝተህ ቀይር። ጣትህን ከሳበችው ግን ቱቦው ደህና ነው፤ ቫልቩን በእጅ ቫኩም ፓምፕ ሳበውና ክንዱ ሲንቀሳቀስ እይ። ካልተንቀሳቀሰ ወይም ፓምፑ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ከወረደ ይቀየራል። አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ የውኃ ጎማዎቹን ስትነቅል አትታገለው፣ ጎማውን በምላጭ ሰንጥቀህ አውልቀው፣ አዲስ ጎማ ይገባበታል። የውኃ ጎማዎቹን የምትነቅለው ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ይሁን።